የዓርቡ ውሃ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፉሌን በዳቦ ጠቅልዬ ገና ሁለቴ ሳልጎርስ፣ ኻልዳ ሰፈር ወዳለው የካፒቴን ኑዕማን ቤት ተጠራሁ። ምድር ቤት ውስጥ አንድ መሐንዲስ ሞቶ ተገኝቷል።

"ኤሌክትሪክ ነው ጌታዬ። አደጋ ነው" አለኝ ስልኩን የደወለው ፖሊስ።

በዮርዳኖስ ዋና ከተማ፣ በዐማን ፖሊስ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ከቦታው ሳልደርስ "አደጋ ነው" የተባልኩበት ጉዳይ አንድም ቀን በሰላም አላለቀም። ፉሉን ትቼ ተነሣሁ።

የግቢው ዘበኛ ዐጢያ ደረጃው ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ነበር። ከላይኛው ግብፅ የመጣ፣ ከተጠየቀው በላይ አንዲት ቃል የማይጨምር ሰው ነው።

"ማን አገኘው?"

"እኔ።"

"መቼ?"

"አሁን ጠዋት። በሩ ተከፍቶ አየሁና ወረድኩ።"

"ትላንትናስ የት ነበርክ?"

"ለጁምዓ ሶላት በአምስት ተኩል ወጣሁ። ከዚያ ከአገሬ ልጆች ጋር ዋልኩ። ማታ ተመልሼ ተኛሁ።"

ሳሎኑ ውስጥ ካፒቴን ኑዕማን ወንበር ላይ ነበሩ። ዐቀባ ወደብ ላይ አርባ ዓመት መርከብ ሲያስገቡና ሲያስወጡ የኖሩ ሰው፣ ኩላሊታቸው ከድቷቸው ለሕክምና ሲሉ ባሕር ወደሌለበት ዐማን መጥተዋል። ከፊታቸው ርዝመቱ አራት ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ ባዶውን ቆሟል። ልጆቻቸው ባሕሩን ቤታቸው ድረስ ሊያመጡላቸው ነበር፤ ዓሣው፣ ኮራሉ፣ የጨው ውሃው ሁሉ።

"ስድስት ቶን ይመዝናል ብሎኝ ነበር ሐቲም" አሉ ካፒቴኑ ስለ ሟቹ። "ቤቱ ካልተዘጋጀ ዓሣ አላስገባም አለ። ከሥር የብረት ምሰሶ፣ ለብቻው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ውሃ ቢፈስ የሚወርድበት ቀዳዳ። ሁለት ወር ለፋ። ሐሙስ ማታ ዐቀባ፣ ልጄ ቤት ሳለሁ ደወለልኝ፤ የተመለስኩት ትላንት ማታ ነው። 'ካፒቴን፣ እኔ ሳልነግርዎት ገንዳው ውስጥ አንዲት ብርጭቆ ውሃ እንዳይጨምሩ። ቅዳሜ እናወራለን' አለኝ።"

"ስለ ምን?"

"ይኸው ቅዳሜ መጣ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ምድር ቤቱ በትክክል ከገንዳው ሥር ነው። ሐቲም ደረጃው ግርጌ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ቀኝ እጁ መሰርሰሪያ ይዟል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ጥግ ላይ ሦስት ባዶ በርሜሎች ቆመዋል፤ ግድግዳው ላይ የውሃ ቧንቧ መጋጠሚያ ተፈቷል። ወለሉ ጥቁር ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ውሃው በአዲሱ ቀዳዳ ወርዶ፣ የቀረው በሰኔ ሙቀት ደርቋል። በግድግዳው አቧራ ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር፣ ሦስት ጣት ከፍታ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት። አንድ ነገር ቅር አለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

"ጌታዬ፣ ይህን ይዩ" አለችኝ ሳጅን ሩላ ከኤሌክትሪክ ሳጥኑ ጋር ቆማ።

ሩላ አብራኝ ከሠራች አራት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ከእኔ ይበልጣል፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሰው ኤሌክትሪክ ቢይዘው ወዲያው መስመሩን የሚያቋርጥ ብሬከር አለ። አንድ ሰው በአጭር ሽቦ አገናኝቶ እንዳይሠራ አድርጎታል።

"የሳጥኑ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?"

"ሁለት ሰው ዘንድ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ተቋራጩ።"

ተቋራጩ ዓርብ ዕለት ከዐማን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በምትርቀው ኢርቢድ ሰርግ ላይ ነበር። ሠራተኛው ግን እዚሁ ዐማን ነበር። በሦስት ሰዓት ላይ ካቴና አስገብተን አመጣነው።

ዐብዱልሀዲ ይባላል። ከሶርያዋ ደርዓ በጦርነቱ ሸሽቶ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እጁ ትልልቅ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው።

"ሽቦውን አንተ ነህ ያገናኘኸው?"

"እኔ? ጌታዬ፣ ያ ቤት ውሃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን የሚውሉበት ቤት ነው። ያንን የሚያደርግ ሠራተኛ አይደለም፣ ነፍሰ ገዳይ ነው።"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ።"

ካቴና የያዘውን እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

"ዘበኛው ሐሙስ ከሐቲም ጋር ስትጯጯሁ ሰምቷል።"

"ጮኸብኝ፣ ጮኽኩበት። መስመሩን ሦስተኛ ጊዜ አስፈታኝ! እሱ እንዲህ ነው፤ ነበር። ከዚያ ሻይ ጠጥተን መሰላል ያዝኩለት።"

"ዓርብ የት ነበርክ?"

"ቤቴ። ከሚስቴና ከልጄ ጋር።"

"ሌላ ያየህ?"

"ዓርብ ቀን ሰው ቤቱ ሲሆን ማን ያየዋል?"

ልነሣ ስል ጠራኝ።

"ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ቤት ይደውሉልኝና 'ሥራ ላይ ነው' ይበሉልኝ። ልጄ ጁማና ነገ ጠዋት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላት። እኔ እዚህ መሆኔን ካወቀች እርሳስ አትይዝም። ከተፈረደብኝ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ወደ ድንበሩ ነው፣ ከነቤተሰቤ። ፈተናውን ብቻ ትጨርስ።"

ሩላ ደወለች። እኔ ውሸት አልወድም፤ ያን ዕለት ግን ኮሪደር ላይ ቆሜ እየሰማሁ አላስቆምኳትም።

ተቋራጩ አቡ ራኪን በአራት ሰዓት ሳይጠራ ራሱ መጣ። ስልሳ ያለፈው፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ የዐንበር መቁጠሪያው፣ ሙስበሓው፣ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። የካፒቴኑን ቤት ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሠራው እሱ ነው፤ አሁንም ለገንዳው የሚያስፈልገውን ግንባታ የያዘው እሱ ነው።

"ወንድሜን ነው ያጣሁት አቡ ሰኽር" አለኝ በልጄ ስም ጠርቶ፣ ገና ሳይቀመጥ። "ነገርኩት እኮ! ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። 'የሰፈሩ ውሃ መጥቷል፣ ግፊቱ ኃይለኛ ነው፣ አዲሱ መጋጠሚያ እየተፋ ነው' አለኝ። 'ቧንቧውን ዝጋና ውጣ፣ ኤሌክትሪክ እንዳትነካ' አልኩት። ወጣት ልጅ ደግሞ ይሰማል?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የወንድሜ ልጅ ሰርግ! እንግዳ መቀበል፣ መጨፈር። ሬሳው ተገኘ ሲሉኝ ነው የነቃሁት።"

የሐቲም ስልክ ተመረመረ። ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ለአቡ ራኪን ደውሎ አራት ደቂቃ አውርተዋል። የአቡ ራኪን ስልክ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከኢርቢድ አልወጣም። ውሃ መጣ፣ መጋጠሚያ ተፈታ፣ ብሬከሩ አልሠራም፣ ሰው ሞተ። ነገሩ ሁሉ ልክክ ይላል። ልክክ ያለ ነገር ደግሞ አያስተኛኝም።

በስድስት ሰዓት የሬሳ መርማሪው ሐኪም ደወለ።

"አቡ ሰኽር፣ ኤሌክትሪክ አይደለም የገደለው። የተቃጠለ ቦታ የለውም። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ወይ ተመትቷል ወይ ከደረጃው ተገፍትሯል። ደግሞ ልብሱ ከጀርባው ብቻ ነው የረጠበው። ውሃው የመጣው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው።"

ይህን ለአለቃዬ ለኮሎኔሉ ስነግር ደስ አላቸው። ደስታቸው ግን ለእኔ አልተስማማኝም።

"ይኸውልህ! ተጣሉ፣ ገፈተረው፣ አደጋ አስመሰለው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲገድል በምን ያስመስል? በኤሌክትሪክ! እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለዐቃቤ ሕግ አቅርበው።"

"ጌታዬ፣ ሠራተኛ የራሱን ሥራ አበላሽቶ ጥፋቱን ወደ ራሱ ያመጣል?"

"ፈሪ ሰው ምን የማያደርገው አለ? አሥራ አንድ ሰዓት ብያለሁ።"

አምስት ሰዓት ቀረኝ። ዐብዱልሀዲን ከነካቴናው መኪና ላይ አወጣሁትና ከሩላ ጋር ወደ ካፒቴኑ ቤት ተመለስን። እያንዳንዱን ሽቦ በጣቱ እያሳየ እንዲነግረኝ ነበር ሐሳቤ።

ምድር ቤት ስንወርድ ግን ሽቦውን አላየም። መጀመሪያ ያየው በርሜሎቹን ነው።

"ውሃውን ማን ደፋው?"

"የትኛውን?"

"ሦስቱም ሙሉ ነበሩ! አንድ ሺህ አምስት መቶ ሊትር። ከጣሪያው ታንከር በማጣሪያው ጠብ ጠብ እያለ ሦስት ቀን ሙሉ ነው የሞላነው። ጨው የሚጨመርበት ውሃ ነው። የዐማን ውሃ ኖራው እንዲህ እያለ" ጣቶቹን አፋተገ፣ "ኮራሉን ይገድለዋል። ሐቲም አንዲት ጠብታ ኖራ እንዲያልፍ አይፈቅድም ነበር።"

አቡ ራኪን ስለ በርሜሎቹ አንዲት ቃል አላነሣም ነበር። እኔም ባዶ ሳያቸው ገና አልተሞሉም ብዬ አልፌ ነበር። ዐብዱልሀዲ ቀጥሎ ቀና አለና ጣሪያውን አየ።

"ቀዳዳውስ የታለ?"

"ደግሞ የምን ቀዳዳ?"

"ሐሙስ መሰላል ያዝኩለት አላልኩም? ምሰሶው የሚያርፍበትን ሊያይ ጣሪያውን ፈነቀለ፤ ይሄን የሚያህል። ብረቱን አየ፣ ፎቶ አነሣ፣ ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገር ወረደ። ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር።"

ሩላ መሰላሉን አቁማ ወጣች። መዳፏን ጣሪያው ላይ አሳረፈች።

"ጌታዬ፣ ተለስኗል። ልስኑ ገና እርጥብ ነው።"

ይህን ስትል ከግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር አቃሰተ። የተፈታው ቧንቧ አሳለ፤ አዎ፣ እንደ ሽማግሌ አሳለ። ፉፍ አለ፣ ነፋስ ተፋ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ነፋስ ተፋ። ከዚያ የዛገ ቀይ ውሃ አንዴ ትፍ ብሎ ወለሉን ረጨና ተከታትሎ መፍሰስ ጀመረ። ከላይ ዐጢያ "ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!" እያለ ወደ ቧንቧው መዝጊያ ሲሮጥ ሰማነው።

ዐማን ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ድምፅ ከእናቱ ድምፅ እኩል ያውቀዋል። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በተራ ነው የሚመጣልን። ሳምንቱን ሙሉ ቧንቧው ነፋስ ይጠጣል፤ በተራህ ቀን መጀመሪያ የሚመጣልህ ይኸው ሳል ነው። ዓርብ ውሃ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ በማግስቱ ይህ ቧንቧ እንዲህ አያስልም ነበር።

ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ርሶ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዐጢያ መዝጊያውን ዘግቶ ቆሟል።

"የዚህ ሰፈር የውሃ ተራ መቼ ነው?"

"ዛሬ። ቅዳሜ።"

"ዓርብ አልነበረም?"

"ነበር። ከዚህ ወር ጀምሮ ወደ ቅዳሜ ዞሯል።"

"ዓርብ አንዲት ጠብታ አልመጣም?"

"በፍጹም።"

"ታዲያ ጠዋት ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶበት እንደነበር ስታይ ለምን አልነገርከኝም?"

ዐጢያ በጣም ተገርሞ አየኝ። "ጌታዬ አልጠየቁኝም።"

ቀና ስል በዙሪያው ያለው ጣሪያ ሁሉ አንሶላና ሸሚዝ ለብሷል፤ ሴቶቹ ዛሬ ውሃ እንደሚመጣ አውቀው በታንከራቸው ቀሪ ውሃ አጥበው እያሰጡ ነው። ጠዋት ስመጣ አንድም ገመድ ላይ አንድም ካልሲ አልነበረም። ዓይን ያለው መርማሪ ነኝ ብዬ እኮራለሁ፤ የሰፈሩ ሚስቶች በሙሉ የሚያውቁትን እኔ በሰባት ሰዓት ደረስኩበት።

ተመልሼ ስወርድ አሁን የፈሰሰው ውሃ በትኩሱ ወለል ጠርዝ ላይ መድረቅ ጀምሮ ነበር። ዳር ዳሩ ነጭ ሆኗል። ጠዋት ቅር ያለኝ ይህ ነው፤ የጠዋቱ መስመር ነጭ አልነበረውም። የቧንቧ ውሃ ቢሆን ማንቆርቆሪያችንን የሚያለብሰው ኖራ ግድግዳውንም ባለበሰው ነበር። ያ ከበርሜሎቹ የተደፋ የተጣራ ውሃ ነው። መጋጠሚያውን የፈታው ሰው ውሃ ሲጠብቅ አልመጣለትም፤ የዓርቡ ውሃ ጠዋት መጥቶ የሄደ መሰለውና ቸኩሎ በርሜሎቹን ከፈተ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እሱ ግን ያፈሰሰውን መልቀም አልቻለም።

"መዶሻ አምጪ" አልኳት ሩላን።

ልስኑ በሦስት ምት ወረደ። ብረቱ ታየ። ዐብዱልሀዲ አንገቱን ነቀነቀ። ለሁለት ፎቅ ቤት የሚሆን አይደለም፤ ለዶሮ ቤት ነው። ቀጭን፣ ዝጎ የተላጠ፣ በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ስንዝር ክፍተት።

ካፒቴኑ ደረጃው አናት ላይ በከዘራ ቆመው ነበር። ወደ ጣሪያው አዩ።

"ቤቴን በሠራበት በጋ አቡ ራኪን ከዚህ ሌላም ሠርቶ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ከኋላችን ያለውን የልጆች ትምህርት ቤት። ብረቱ ከአንድ መኪና ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ።"

  ሐቲም አራት ደቂቃ ስልክ ላይ ያወራው ስለዚህ ብረት እንጂ ስለ ውሃ እንዳልነበር ያኔ ገባኝ።

ሩላ ስልኳን ይዛ ወጣች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች፤ ፊቷ ላይ ያ የማልወደው የድል ፈገግታዋ አለ።

"የአቡ ራኪን ስልክ ኢርቢድ ነበር። ሰውዬው ግን አልነበረም። ከአራት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ተደውሎለታል፤ አላነሣም። የሙሽራውን እናት አገኘኋት። ምን አለችኝ መሰለዎት? 'አጎትየው የወንድሙን ልጅ መንሰፍ አልቀመሰም! ትሪው ከተነሣ በኋላ በዘጠኝ ተኩል መጣ። እስከ ሞት አልረሳለትም!'"

ለሰርግ መንሰፍ፣ ለዚያ የበግና የሩዝ ትሪ፣ ያልደረሰ አጎት! ይህንን እኔ ብሆን በቀጥታ ለዐቃቤ ሕግ እልከው ነበር።

አቡ ራኪን በዘጠኝ ሰዓት ከፊቴ ተቀመጠ። ሙስበሓው ይንጫጫል።

"አንድ ነገር ብቻ አስረዳኝ" አልኩት። "ሐቲም ዓርብ ሲደውልልህ ምን አለህ?"

"ነገርኩህ እኮ። ውሃ መጣ፣ መጋጠሚያው እየተፋ ነው አለኝ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ድምፁ ጆሮዬ ላይ ነው ያለው።"

"ቤትህ የት ነው አቡ ራኪን?"

"ናዑር መንገድ፣ እርሻዬ ላይ። ታውቀው የለ?"

"የውሃ ተራህ መቼ ነው?"

ሳቀ። "የምን ተራ? የራሴ ጉድጓድ አለኝ።"

"አዎ። ለዚያ ነው" አልኩት። "የካፒቴኑ ሰፈር ተራ ከዚህ ወር ጀምሮ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ያ ቧንቧ ነፋስ ብቻ ነበረው። ሐቲም ያላየውን ውሃ እንዴት ነገረህ?"

የሙስበሓው ድምፅ ቆመ።

"ምናልባት ተሳስቶ..."

"መንሰፉንስ? ከአራት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል የት ነበርክ? ልስኑን ማን ለሰነው? ያን ብረት ማን ቀበረው?"

ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። ሽማግሌ መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት።

"ለመንኩት" አለ በመጨረሻ። "በአላህ ለመንኩት። 'ቤቱን በነጻ አጠናክራለሁ፣ ምሰሶ በምሰሶ አደርገዋለሁ፣ ብቻ ትምህርት ቤቱን አታንሣ' አልኩት። 'እሁድ ጠዋት ልጆች ፈተና ሊቀመጡበት ነው' አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ገፋሁት። መግደል አልፈለግኩም።"

"መሰርሰሪያውን እጁ ላይ ስታደርግስ? ሽቦውን ስታገናኝ፣ የዐብዱልሀዲ ስም እንዳለበት እያወቅክ?"

ሙስበሓውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ከዚያ ጣሪያ ሥር ፊደል ቆጥረዋል፤ እሱ ግን እኔን እንኳ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ተናድጄ ነበር፤ እስካሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ።

ኮሎኔሉ ትምህርት ቤቱን በዚያው ከሰዓት አዘጉት። ተፈታኞቹ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ይህን ሲሰሙ ካፒቴን ኑዕማን ባዶውን መስታወት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። "ሐቲም ለዓሣ ብሎ ነው ቤቱን የፈተሸው" አሉ። "ባይሞት ኖሮ አንድ ሺህ ልጅ አዳነ ብዬ ስሙን በዚህ ገንዳ ላይ እጽፍለት ነበር። አሁንም እጽፍለታለሁ።"

ዐብዱልሀዲን በአሥራ አንድ ሰዓት ካቴናውን ፈትቼ በራሴ መኪና ወደ ሰፈሩ ወደ ሃሽሚ ወሰድኩት። መንገዱን ሁሉ አንጓውን ሲያሽ ነበር። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ስንጨርስ ጁማና ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ሥራ በዛብኝ" አላት አባቷ።

ልጅቱ አየችኝ፤ ቀጥሎም የአባቷን አንጓ አየች።

"የደወለችው ሴት ሥራ ላይ ነው አለችን" አለች። "ዛሬ የእኛ የውሃ ቀን ነው አባ። በውሃ ቀን ሥራ ላይ ስትሆን ታንከሩን ሙሉ ልትለን አንተ ራስህ ነህ የምትደውለው። ሳትደውል ስትቀር አወቅኩ።"

ዐብዱልሀዲ እጅጌውን አንጓው ላይ ሳበ። 

"ታዲያ... ሞላችሁ?"

"ሁለቱንም ታንከር" አለችና፣ ያኔ ደብተሯን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።